ባጁ የማን አንገት ላይ ይሁን?

ለጉባኤ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ተማሪ ኤምባሲ ደጃፍ ከመድረሱ በፊት የሚያልፍባቸው ቤቶች አሉ። አንዱ የእኔ ሱቅ ነው። ካዛንቺስ ውስጥ ፎቶ ኮፒ፣ ኅትመትና ጥረዛ እሠራለሁ፤ ሰፈሩ በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ወደ ኡራኤል ጠጋ ብዬ ሌላ ክፍል ተከራየሁ እንጂ ሥራው ያው ነው። ፓስፖርት ስካን አደርጋለሁ፤ የባንክ ስቴትመንት አትማለሁ፤ ማህተሙ የደበዘዘ የድጋፍ ደብዳቤ ሲመጣ «ልጄ፣ ይህን እንደገና አስመታው» ብዬ እመልሳለሁ። የመመረቂያ ጽሑፍም እጠርዛለሁ። ስጠርዝ ደግሞ አነባለሁ። ትምህርቴ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አላለፈም፤ ስለ ፀሐይ፣ ስለ ነፋስና ስለ እንፋሎት ኃይል የማውቀውን አብዛኛውን የለቀምኩት ከአምስት ኪሎ ልጆች ጥራዝ ላይ ነው።

ከዚህ ወንበር ሆኜ ሳየው፣ ለታዳሽ ኃይል ጉባኤ ወደ ውጭ መሄድ በአገራችን እንደ ሽልማት ነው የሚሰጠው። ይህን እቃወማለሁ። ጉዞውን አይደለም፤ ሽልማትነቱን ነው። ሽልማት የተሰጠው ሰው ይደሰትበታል፣ ፎቶ ይነሣበታል፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ሥራ የተሰጠው ሰው ግን ይጠየቃል። ምን ልትጠይቅ ሄድክ? ምን ሰማህ? እዚህ ምን ልታደርግበት ነው? ሰነዳቸውን ካተምኩላቸው ተማሪዎች መካከል እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ከመምህሩም ሆነ ከላከው ቢሮ የተጠየቀ አላጋጠመኝም።

አመራረጡ ራሱ ብዙ ይናገራል። ግብዣው ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ጉባኤው ሦስትና አራት ሳምንት ሲቀረው ነው። ደብዳቤው ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሲንከባለል ከርሞ ተማሪው ጋ ሲደርስ፣ የሚመረጠው ጥሩ ሥራ ያለው ሳይሆን ፓስፖርት በእጁ ያለው ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. ክረምት በወጣው ታሪፍ መደበኛው ፓስፖርት 5,000 ብር ነው፤ በአምስት ቀን ይውጣልኝ ላለ 20,000፣ በሁለት ቀን ላለ 25,000 ብር። እናቱ ጉሊት የምትቸረችር የቂርቆስ ልጅ «ምናልባት አንድ ቀን እጋበዝ ይሆናል» ብሎ አስቀድሞ ፓስፖርት አያወጣም። አባቱ በየዓመቱ ዱባይ የሚመላለስ ልጅ ግን መሳቢያው ውስጥ አለችው። ውድድሩ ሳይጀመር አልቋል ማለት ነው።

በደንብ የማስታውሳት አንዲት ልጅ አለች። ቤተሰቦቿ ካዛንቺስ የቀበሌ ቤት ነበር የሚኖሩት፤ አሁን ወደ ገላን ጉራ ተዛውረዋል። ኢንጂነሪንግ ትማር ነበር፤ የመመረቂያ ሥራዋ ስለ እንጀራ ምጣድ ነው። ስለ ታዳሽ ኃይል ሲወራ ሰው ሁሉ ግዙፍ የነፋስ ተርባይንና እስከ አድማስ የተዘረጋ የፀሐይ ፓነል ነው የሚያስበው። እሷ ከጎረቤት ማድ ቤት ጀመረች።

የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። ባለ 10 ዋት አምፖል ብንወስድ 350 አምፖል በአንድ ጊዜ ማብራት ማለት ነው። በአንድ መስመር ላይ ያሉ ቤቶች ሁሉ ቅዳሜ ጠዋት ምጣድ ሲያግሉ መብራቱ የሚፈዘው፣ አልፎ አልፎም ትራንስፎርመሩ የሚቃጠለው ለዚህ ነው። ልጅቷ የሰፈሩን ሴቶች ምጣድ እየዞረች ለካች። እስኪግል ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ሸክላው ምን ያህል ይወፍራል? በሥሩና በጎኑ የሚያመልጠው ሙቀት ስንት ነው? የመጨረሻው እንጀራ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ግለት ለምን ይውላል? እንጀራው ዓይን እንዲያወጣ ምጣዱ ከ180 እስከ 220 ዲግሪ ድረስ መጋል አለበት። 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚሰፋን ሸክላ ከዳር እስከ ዳር እኩል እዚያ ማድረስ ለፀሐይ ማብሰያ ቀላል አይደለም፤ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከኖርዌይ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው በዚህ ላይ ብዙ ደክመዋል። የእሷ ሐሳብ ከዚያ ዝቅ ያለ ነበር። ምጣዱ ከሥርና ከጎኑ በደንብ ቢሸፈን፣ ሸክላው ቢሳሳ፣ ጎረቤታሞች ደግሞ በተራ ቢጋግሩ መስመሩ ምን ያህል ይቀለዋል የሚል ነው። ሥራዋን ሳነብ «ይቺ ልጅ እኔ ቤት ገብታ ነው እንዴ የጻፈችው?» አልኩ።

ፖስተሩን ያተምኩላት እኔ ነኝ። ትልቁ ወረቀት ግማሹ እንደወጣ መብራት ሄደ። ሁለታችንም ሳቅን፤ ምን እናድርግ? አንዲቱ ጎረቤት ምጣድ ጥዳ ይሆናል አልኳት።

የተጋበዘችበት ጉባኤ አውሮፓ ውስጥ ነበር። እዚህ ላይ አንባቢ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኢትዮጵያውያን ላይ የቪዛ ገደብ ጥሏል። 15 ቀን የነበረው መደበኛ የማመልከቻ ማያ ጊዜ 45 ቀን ሆነ። ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ መስጠት ቀረ። ከዚያ በፊት አንዳንድ ማስረጃ ቢጎድል ማለፍ ይቻል የነበረው ተከለከለ። የተሰጠው ምክንያት መንግሥታችን ያለ ፈቃድ እዚያ የሚኖሩ ዜጎቹን በመቀበል ረገድ በበቂ አልተባበረም የሚል ነው። በሰኔ ወር ደግሞ የሸንገን ቪዛ ክፍያ ከ80 ወደ 90 ዩሮ ወጣ፤ ይኼኛው እንኳ በእኛ ብቻ የመጣ አይደለም። አሜሪካም ብትሆን ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ወዲህ ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠውን የጎብኚ ቪዛ አንዴ ብቻ የሚያስገባና ሦስት ወር የሚቆይ አድርጋዋለች።

45 ቀን የሚጠይቅ ቪዛ በሦስት ሳምንት ግብዣ አይደረስበትም። አልደረሰችም። መንግሥታት ስለ ተመላሽ ስደተኞች ሲጣሉ ዱላው ያረፈው ምጣድ በለካች ልጅ ላይ ነው። በአውሮፓውያኑ እፈርዳለሁ፤ በራሳችን ሰዎች ላይ ግን የባሰ እፈርዳለሁ። የ45 ቀኑ ገደብ ከታወቀ ቆይቷል፤ ጉባኤዎቹም የሚካሄዱት አብዛኛውን ጊዜ በየዓመቱ በተመሳሳይ ወቅት ነው። ሙኒክ ላይ የሚካሄደው የኢንተርሶላር ዐውደ ርእይ ብዙውን ጊዜ ግንቦት ወይም ሰኔ ገደማ ነው፤ አቡ ዳቢ ላይ የሚካሄደው የወደፊት ኃይል ጉባኤም ብዙውን ጊዜ ጥር ላይ ነው። ከዚህ ወዲያ ዝግጅቱ የካላንደር ጉዳይ ነው። መስከረም ላይ ተማሪ መርጦ፣ ፓስፖርቱን አስወጥቶ፣ የገንዘብ ድጋፉን በደብዳቤ አረጋግጦ የሚጠብቅ ትምህርት ክፍል በ45 ቀን አይሸነፍም።

«ይቀራሉ» የሚለውን ክርክር አውቀዋለሁ። የቀሩም አሉ፤ ለእነሱም ሰነዱን ያተምኩት እኔ ነኝ። እናት ሱቄ ድረስ መጥታ «ልጄ ደወለልሽ?» ብላኝ ታውቃለች። አንድም ልጅ አይቀርም ብዬ አልምልም። ነገር ግን ማን ይቀራል ብዬ ሳስብ፣ እዚህ የሚጠብቀው ሥራ የሌለው ነው የሚቀረው። ምጣድ የለካችው ልጅ ሄዳ ቢሆን ኖሮ የጀመረችው ልኬት፣ የገባችላቸው የሰፈር ሴቶች፣ ያልጨረሰችው ሠንጠረዥ ይጠብቃት ነበር። በሽልማት የተላከውን ግን ምን ይጠብቀዋል? ሲመለስ የሚሰጠው ሌላ ሽልማት የለም።

የሄደም ልጅ አውቃለሁ። ወደ አንድ የባሕረ ሰላጤው አገር ለኃይል ጉባኤ ሄዶ በሰላም ተመለሰ። ትልቁ አዳራሽ ውስጥ የተነገረውን ብዙም አያስታውሰውም፤ «እትዬ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚያወራው» አለኝ። ዐውደ ርእዩ ላይ ያየውን ግን ሲተርክልኝ ምሳዬ ቀዘቀዘ። በረሃ ውስጥ የተዘረጋ ፓነል ላይ አቧራ ሲጋገርበት የሚያመነጨው ኃይል ይቀንሳል፤ በውኃ ማጠብ ደግሞ ውኃ በሌለበት አገር አይታሰብም። ስለዚህ በፓነሉ ላይ እየሄደ ያለ ውኃ በብሩሽ የሚጠርግ ማሽን ተሠርቷል። ልጁ ማሽኑን ከሚሸጡት ሰዎች ዘንድ ቆሞ ስለ ሞተሩ፣ ስለ ብሩሹ ጸጉር፣ ስለ ባትሪው ሲጠይቅ ዋለ። አፋርና ሶማሌ ክልል ላይ ፓነል ሲተከል ይኼው ችግር ይመጣል፤ ይህን የመሰለ ቀላል ማሽን እዚሁ መሥራት ይቻላል ወይ የሚል ሐሳብ ይዞ መጣ።

ከተመለሰ በኋላ የጠየቀው ሰው የለም። ትምህርት ክፍሉ አልጠየቀውም፤ የላከው ቢሮም የሚፈልገው የአውሮፕላኑን ትኬት ቁራጭና የሆቴሉን ደረሰኝ ብቻ ነበር። ደረሰኙን ኮፒ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ስለ ብሩሹ የሰማነው እኔ፣ ረዳቴና ቡና ልታደርስልን የገባችው ልጅ ነን። አንድ ገጽ ጻፍ ያለው ሰው ቢኖር ለሚቀጥለው ተማሪ መነሻ ይሆን ነበር፤ የሚቀጥለው ተማሪ ግን ዐውደ ርእዩን ከዜሮ ጀምሮ ይዞረዋል።

ስለ አበልም ሳልናገር ብቀር ይቆጨኛል። የልዑካን ዝርዝር በእጄ ያልፋል፤ ስም አልጠራም። ዝርዝሩ ላይ ኃላፊ አለ፣ ምክትል አለ፣ የፋይናንስ ሰው አለ፣ የፕሮቶኮል ሰው አለ። ተማሪው ካለ ከሥር ነው፤ በጀት ሲጠብብ መጀመሪያ የሚሰረዘውም እሱ ነው። የውጭ አበል በዶላር የሚታሰብ ስለሆነ፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ከተለቀቀ ጀምሮ የአንድ ሳምንት አበል በብር ሲመነዘር ብዙ ሰው የሚመኘው ገንዘብ ሆኗል። ገንዘቡን አልቀናበትም፤ ሰው ልጅ አለው፣ የቤት ኪራይ አለበት። ግን ስለ ባትሪ ለሚወያይ ስብሰባ ባትሪ ፈትቶ የሚያውቀው ልጅ ቀርቶ የፕሮቶኮል ሰው ሲሄድ ማየት ያሳፍራል።

ከጠረዝኳቸው ጥራዞች ሁሉ የሚያንገበግቡኝ ስለ ከርሰ ምድር እንፋሎት የተጻፉት ናቸው። ስምጥ ሸለቆ እኛንም ኬንያንም አቋርጦ የሚሄድ አንድ ሸለቆ ነው። በአገራችን ፍለጋው የተጀመረው በ1960ዎቹ መግቢያ በተባበሩት መንግሥታት ድጋፍ ነው። አሉቶ ላንጋኖ ላይ ከ1973 እስከ 1977 ዓ.ም. ስምንት ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ኬንያ ኦልካሪያ ላይ የመጀመሪያዋን 15 ሜጋ ዋት ማመንጫ ያስነሣችው በዚያው በ1973 ዓ.ም. ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአዳዲስና ታዳሽ የኃይል ምንጮች ጉባኤም በዚያው ዓመት ነሐሴ ናይሮቢ ላይ ተካሄደ። መነሻችን እንግዲህ ጎን ለጎን ነበር ማለት ይቻላል። ዛሬ ኬንያ ከከርሰ ምድር እንፋሎት ከ900 ሜጋ ዋት በላይ ታመነጫለች። እኛ ከብዙ ዓመት በኋላ አሉቶ ላይ የተከልናት የሙከራ ጣቢያ 7.3 ሜጋ ዋት ናት፤ እሷም ብዙውን ዕድሜዋን ቆማ ነው ያሳለፈችው።

ምክንያቱ ብዙ ነው። አንድ ጉድጓድ መቆፈር በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ያስወጣል፤ ባዶ ሊወጣም ይችላል። እኛ ደግሞ ወንዝ ስላለን ዓይናችን ወደ ግድብ ሄደ፤ ከምናመነጨው ኤሌክትሪክ ከመቶ ዘጠና በላይ የሚሆነው ከውኃ ነው። ሕዳሴ ግድብ በ5,150 ሜጋ ዋት ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ እኔም እንደ ሰው ሁሉ እንባዬ መጥቷል፤ ቦንድ ገዝቻለሁ። ግን ዝናብ የሚቀርበት ዓመት አለ፤ እንፋሎቱ ዝናብ አይጠብቅም።

ከምክንያቶቹ አንዱ ሰው የላክንበት መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ። አይስላንድ ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ የከርሰ ምድር እንፋሎት ሥልጠና ትሰጣለች። ሠልጣኙ ስድስት ወር ይቆያል፣ አንድ ዘርፍ ይይዛል፣ ከአገሩ በመጣ መረጃ ላይ ሠርቶ ጽሑፍ ያስረክባል። ኢትዮጵያውያንም ኬንያውያንም ሄደዋል። ልዩነቱ ከተመለሱ በኋላ ነው። ኬንያውያኑ የሚገቡበት የቁፋሮ ቦታ ነበራቸው፤ የሰለጠነው አዲሱን እያሰለጠነ መጥቶ በኋላ አይስላንዶቹ አጭር ሥልጠናውን ኬንያ ድረስ እየመጡ ይሰጡ ጀመር። የእኛዎቹ የተመለሱት ወደ ቆመ ጣቢያ ነው። በ2012 ዓ.ም. ቱሉ ሞዬ ላይ ጉድጓድ መቆፈር ሲጀመር መሣሪያውን የያዘው የኬንያው ኬንጄን ኩባንያ ነበር። ጎረቤት መጥቶ ቆፈረልን። ማፈሩ አይጠቅምም፤ መማሩ ነው የሚጠቅመው።

እንግዲህ ተማሪ ወደ ውጭ ይላክ ከተባለ ለምን መጀመሪያ ወደ ኦልካሪያ አይላክም? ለኢትዮጵያዊ ኬንያ መግቢያ ቪዛ አያስፈልገውም። በሞያሌ በኩል በአውቶቡስ ይደረሳል። መንገዱ ራሱ ትምህርት ነው፤ ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ ሱስዋ የሚደርሰው 1,045 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር እስከ 2,000 ሜጋ ዋት መሸከም ይችላል፤ ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የእኛን ኤሌክትሪክ ወደ ናይሮቢ እየወሰደ ነው። ኤሌክትሪኩ ድንበር ተሻግሮ ሲሄድ ተማሪው ለምን እዚህ ይቀራል? አንድ ልዑክ አውሮፓ ለመላክ በሚወጣው ገንዘብ አንድ ክፍል ተማሪ ኦልካሪያ ሄዶ የእንፋሎቱን ቧንቧ በጆሮው ሰምቶ ይመለሳል።

ከዚያም በፊት ቅርቡ አለ። አዳማ ላይ 136 የነፋስ ተርባይኖች ቆመዋል፤ 34ቱ የመጀመሪያው ምዕራፍ፣ 102ቱ የሁለተኛው፣ በድምሩ 204 ሜጋ ዋት። ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ በፍጥነት መንገዱ ጠዋት ሄዶ ለምሳ መመለስ ይቻላል። ከአቃቂ በስተደቡብ የአባ ሳሙኤል የውኃ ኃይል ማመንጫ አለ፤ ከጣሊያን ወረራ በፊት ግንባታው የተጀመረ፣ 6.6 ሜጋ ዋት ብቻ የሚያመነጭ፣ ለረጅም ዓመታት ተረስቶ ኖሮ በቻይናውያን እንደገና የታደሰ። ስለ ነፋስ ኃይል ፖስተር ሠርቶ ተርባይን ቀርቦ አይቶ የማያውቅ ልጅ ሱቄ መጥቶ ያውቃል። በእሱ አልፈርድም፤ ወስዶ ያሳየው ስለሌለ ነው።

አሁን ወደ ሰፈሬ ልመለስ። ከስታዲየም ወደ ቤተ መንግሥቱ በሚወጣው መንገድ ዳር የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን (ኢሲኤ) አለ። ግቢው ውስጥ በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ፤ የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕሎች ያሉበት፣ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት ነው። በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ታድሶ ተከፍቷል። ስለ አፍሪካ ኃይል፣ ስለ አየር ንብረት፣ ስለ ልማት ገንዘብ የሚካሄዱ ስብሰባዎች እዚያ ቅጥር ውስጥ ዓመቱን ሙሉ አይቋረጡም። የቂርቆስ ልጅ ባንዲራዎቹን እያየ ነው ትምህርት ቤት የሚመላለሰው። ሰው ለጉባኤ ከመላው ዓለም ካዛንቺስ ይመጣል፤ የካዛንቺስ ልጅ ግን ጉባኤ ለማየት ቪዛ ይለምናል!

ግቢው የተባበሩት መንግሥታት ነው፤ ያለ ምዝገባና ያለ ባጅ እንደማያስገባ የታወቀ ነው፤ ትክክልም ነው። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ባጁን ጠይቆ የሚያውቅ የትኛው ትምህርት ክፍል ነው? ብዙዎቹ ስብሰባዎች ምዝገባቸው በኢንተርኔት የሚካሄድ፣ አጀንዳቸው ቀድሞ የሚለጠፍ ነው። አንድ መምህር አጀንዳውን አይቶ «ሐሙስ ከሰዓት ስለ ገጠር ኤሌክትሪክ የሚነገረው ለእነዚህ ሦስት ተማሪዎች ሥራ ይጠቅማል» ብሎ ደብዳቤ ቢጽፍ የሚያጣው አንድ ወረቀት ነው። ወረቀቱን እኔ በነጻ አትምለታለሁ፤ ይህን እንደ ማስታወቂያ ይቁጠሩልኝ።

ከጳጉሜን 3 እስከ 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ሁለተኛው የአፍሪካ የአየር ንብረት ጉባኤ እዚሁ ከተማችን ሲካሄድ፣ በመካከሉ ሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። እንዲህ ያለ ሳምንት ለኢንጂነሪንግ ተማሪ በዕድሜ አንዴ የሚገኝ ነው። በዚያ ሰሞን ወደ ሱቄ የመጡ ተማሪዎች ግን ሊያሳትሙ የፈለጉት ሲቪ ነበር። ለአስተናጋጅነት ሊያመለክቱ ነው። ሥራ ሥራ ነው፤ አበጃችሁ አልኳቸው። እንግዳ ሲያስገቡና ሲያስወጡ ውለው ውስጥ የተባለውን ማታ በቴሌቪዥን ነው የሰሙት።

ይኼው ነገር እንዳይደገም የምፈራው ኮፕ32 ስለሚመጣ ነው። በ2020 ዓ.ም. የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ እንዲካሄድ ብራዚል ቤሌም ላይ ተወስኗል። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይመጣል። ሆቴሉ ይታደሳል፣ መንገዱ ይጠረጋል፣ ኤሌክትሪክ መኪናው ይሰለፋል፤ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ስለተከለከለ እሱን እንኳ በኩራት እናሳያለን። ተማሪውስ የት ይቆማል?

የኮፕ ጉባኤ ሁለት ቀጠና አለው። አረንጓዴው ቀጠና አስተናጋጁ አገር የሚያዘጋጀው፣ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ነው፤ ዐውደ ርእይ፣ ሙዚቃ፣ የኩባንያ ድንኳን። ሰማያዊው ቀጠና ድርድሩ የሚካሄድበት፣ በተባበሩት መንግሥታት የሚጠበቅ ነው። እዚያ ለመግባት ወይ በመንግሥት ልዑክ ውስጥ መካተት፣ ወይ ታዛቢ ሆኖ በተመዘገበ ድርጅት በኩል መምጣት ያስፈልጋል። ዩኒቨርሲቲዎች ታዛቢ መሆን ይችላሉ፤ ለምርምር ተቋማትና ለወጣቶች የተለየ ምድብ አለ። ማመልከቻው የሚገባው ቦን፣ ጀርመን ላለው ጽሕፈት ቤት ነው፤ ዶሴው ተመርምሮ የሚጸድቀው በጉባኤው በራሱ ስለሆነ ጉባኤው ሲቃረብ ተሯሩጦ የሚደረስበት አይደለም። ቀኑ ያለፈበት ተቋም በራሱ ከተማ በሚካሄድ ጉባኤ ላይ ከአጥር ውጭ ይቆማል።

ስለዚህ ዛሬ መደረግ ያለበት ዛሬ ይደረግ። ታዛቢ ያልሆነ ዩኒቨርሲቲ ሁሉ ማመልከቻውን አሁን ያስገባ። የመንግሥት ልዑክ ውስጥም ለተማሪ የተቆረጠ ወንበር ይኑር፤ ቁጥሩ አስቀድሞ ይነገር፤ ከአምስት ኪሎ ብቻ ሳይሆን ከባሕር ዳር፣ ከጅማ፣ ከአርባ ምንጭ፣ ከሰመራም ይምጡ፤ ስማቸውና ይዘው የሚገቡት ጥያቄ ጋዜጣ ላይ ይውጣ። ስሙ ከጥያቄው ጋር ከታተመ የማን የወንድም ልጅ እንደሆነ ለመደበቅ ይከብዳል። ከኮፕ32 በፊት ባሉት ጉባኤዎች ደግሞ፣ በአንታሊያው በኮፕ31 ጭምር፣ ጥቂቶቹ ሄደው ድርድር እንዴት እንደሚሠራ ያዩ፣ ተመልሰውም ሌሎቹን ያስተምሩ። የሚመለስ ሁሉ ቂርቆስ ውስጥ ካሉት የወጣት ማዕከላት ባንዱ ሕዝብ ፊት ቆሞ በአማርኛ ያስረዳ። እኔም እመጣለሁ። ስለ ብሩሹ ማሽን ሌላ ሰውም መስማት አለበት።

ምጣድ የለካችው ልጅ ተመርቃለች፤ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ጄኔሬተር ሽያጭ ላይ ነው የምትሠራው። የናፍጣ ጄኔሬተር። ፖስተሯን እስካሁን አልወሰደችውም፤ እኔም አልጣልኩትም። ለኮፕ32 የተማሪ ዝርዝር የሚያወጣው ቢሮ የትኛው እንደሚሆን እስኪነገረን እጠብቃለሁ፤ የሚጠየቀውን ቅጽ ካወጣ በኋላ ስካንና ኮፒው የእኔ ሥራ ነው።